በአናናስ ላይ የፊቦናቺን ቁጥሮች እንዴት መቁጠር ይቻላል?

ከ1 እና 1 ተነሥተው የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች እየደመሩ ይቀጥሉ፦ 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13፣ 21፣ 34፣ 55፣ 89። በኋላ ፊቦናቺ የተባለው የፒዛው ሊዮናርዶ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1202 ይህን ቅደም ተከተል ያገኘው የጥንቸሎችን መራባት ሲያሰላ ነው፤ የሕንድ ሊቃውንት ግን ግጥም ሲመጥኑ ቀድመው ያውቁት ነበር። እኔ ለዓመታት የማውቀው በወረቀት ላይ ብቻ ነበር፤ በእጄ የዳሰስሁት ከገበያ በገዛሁት አናናስ ላይ ነው።

ያልተላጠ አናናስና ሃያ ያህል እስፒል ይያዙ። ብዕር አልመክርም፤ በሻካራው ቅርፊት ላይ ቀለሙ ይጠፋል።

አናናሱን አቁመው አንዱን ጉብታ ይመልከቱ። ሦስት ረድፎች ያልፉበታል፦ አንዱ ዝግ ብሎ ወደ ጎን የሚወጣ፣ ሁለተኛው በተቃራኒው አቅጣጫ ጠንከር ብሎ የሚወጣ፣ ሦስተኛው ቀጥ ሊል ጥቂት የቀረው። ዝግ ብሎ ከሚወጣው ይጀምሩ።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኔ አንድ ጉብታ ላይ ብቻ እስፒል ሰክቼ ዙሪያውን መቁጠር ጀመርሁ። አናናሱን ሳዞር ጣቴ ሳይታወቀኝ ሽቅብ ይንሸራተት ስለነበር አንዴ 7፣ አንዴ 9 ወጣልኝ። ያን ምሽት ነገሩን የመጻሕፍት ወሬ ነው ብዬ ተውሁት። ረድፉ ተጠምዝዞ ስለሚወጣ፣ የተነሣሁበትን ረድፍ ሌላ ከፍታ ላይ ሳገኘው አላወቅሁትም ነበር።

ስለዚህ አንዱን ረድፍ ከታች እስከ ላይ፣ አንድም ጉብታ ሳይዘልሉ፣ እስፒል ይሰኩበት። ከዚያ ወደ ጎን እየሄዱ አብረውት የሚወጡትን ረድፎች ይቁጠሩ፤ የተሰካው ረድፍ ዳግም ሲገጥምዎ ያቁሙ፤ እርሱን አንዴ ብቻ ይቁጠሩት። ጣትዎ ሽቅብ ቢሄድም ቁልቁል ቢወርድም ውጤቱ አይለወጥም። 8 ይወጣል። ሌሎቹን ሁለት አቅጣጫዎች እንዲሁ ሲቆጥሩ 13 እና 21 ያገኛሉ። እኔ 13ን ሳገኝ ደግሜ ደጋግሜ ቆጠርሁት።

ፎቶግራፍ ለአናናስ አይበጅም፤ ጀርባው አይታይም። ለሱፍ አበባ ግን ከሁሉ ይሻላል፦ ከፊት ለፊት አንሥተው ያሳትሙትና ጥምዝ ረድፎቹን በባለቀለም እርሳስ ያስምሩ። በአንዱ አቅጣጫ 34፣ በሌላው 55 መሆኑ የተለመደ ነው። ከመሃል ወደ ዳር ቁጥሩ ስለሚቀየር ሁለቱንም አቅጣጫ በአንድ ዙር ላይ ይቁጠሩ። አዲስ ፍሬ ከቀደመው 137.5 ዲግሪ ያህል ዞሮ ስለሚበቅል ነው ረድፎቹ በእነዚህ ቁጥሮች የሚሰለፉት።

የፈለጉት ቁጥር ካልመጣ አያስገድዱት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 በእንግሊዝ ማንችስተር ለሒሳብ ሊቁ ለአለን ቱሪንግ መታሰቢያ በተዘሩት የሱፍ አበቦች ላይ አብዛኛው ቆጠራ ፊቦናቺን ቢከተልም ሁሉም አልተከተለም። 29 እና 47 ከመጣልዎት እነርሱም ከ1 እና 3 ተነሥቶ በዚያው ድመራ የሚቀጥለው የሉካስ ቅደም ተከተል ናቸው።

ሲጨርሱ እስፒሎቹን ነቅለው ይቁጠሩ፤ የሰኩት ሁሉ መመለሱን ሳያረጋግጡ አናናሱን አይላጡት።