የመድኃኒት መጠን ማስያ ሶፍትዌር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቫንኮማይሲንና ጄንታማይሲን የተባሉት አንቲባዮቲኮች ሲያንሱ አያድኑም፤ ሲበዙ ኩላሊትና ጆሮ ይጎዳሉ። ለእንዲህ ዓይነት መድኃኒቶች መጠኑን በየታካሚው ልክ የሚያሰሉ ሶፍትዌሮች አሉ። ስሌቱ ላይ እምብዛም አይስቱም፤ ጥፋቱ የሚመጣው እኛ ከምናስገባው ቁጥር ነው። ጎንደር ላይ ደግሞ የሶፍትዌሩ ሠሪዎች ያላሰቧቸው ወጥመዶች ይጨመራሉ።

ሰዓት ማደባለቅ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ነርሷ ጄንታማይሲኑን ጠዋት ሰጥታ ካርዱ ላይ «2፡00» ብላ ትጽፋለች። የመድኃኒቱን መጠን ለመለካት ደሙ ከቀኑ 8፡00 ይቀዳል፤ የላቦራቶሪው ማሽን ግን 14፡00 ብሎ ያትማል። እውነተኛው ልዩነት 6 ሰዓት ሆኖ ሳለ ሶፍትዌሩ 12 ብሎ ይቆጥራል። ከ12 ሰዓት በኋላ ይህን ያህል መድኃኒት ደም ውስጥ ከቀረ ኩላሊቱ ደክሟል ብሎ ይደመድምና መጠኑን ይቀንሳል፤ ኢንፌክሽኑም በቂ መድኃኒት አያገኝም። ደካማ ኩላሊት ያለው ሰው በእርግጥ ስለሚኖር ማስጠንቀቂያ ላይመጣ ይችላል። መፍትሔው ካርዱ ላይ «ጠዋት 2፡00 (08፡00)» እያሉ ሁለቱንም መጻፍ ነው። የሚገባውም የታዘዘበት ሳይሆን የተሰጠበት ሰዓት ነው፦ በ1 ሰዓት እንዲያልቅ የታዘዘው ቫንኮማይሲን ጠብታው ተጓቶ 2 ሰዓት ከፈጀ፣ 2 ይግባ። ደሙም መድኃኒቱ ከሚገባበት ክንድ አይቀዳ።

የትውልድ ዓመትን እንዳለ ማስገባት። 2012 ዓ.ም. የተወለደን ልጅ «2012» ብለው ካስገቡ ሶፍትዌሩ 7 ወይም 8 ዓመት ይጨምርበታል። ለጎልማሳ ለውጡ ትንሽ ነው፤ ለሕፃን ግን ስሌቱን ያበላሻል። ቦታ ካለው ዕድሜውን በቀጥታ ያስገቡ።

ዝቅተኛ ክሬአቲኒንን ማመን። ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ) ይዞት ከመተማ ወይም ከሁመራ እርሻ የመጣ፣ ሥጋው ያለቀ የ25 ዓመት ወጣት እንውሰድ፤ ክብደቱ 42 ኪሎ፣ ክሬአቲኒኑ (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) 0.4 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው። ከዕድሜ፣ ከክብደትና ከክሬአቲኒን በሚያሰላው የኮክክሮፍትና ጎልት ቀመር የኩላሊቱ የማጣራት አቅም በደቂቃ 168 ሚሊ ሊትር ገደማ ይወጣል፤ ከብዙ ጤነኛ ጎልማሳ በላይ! ክሬአቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ስለሆነ ጡንቻ ሲያልቅ እሱም ይወርዳል፤ ኩላሊቱ ስለበረታ አይደለም። አንዳንዶች 0.4ን ወደ 0.8 ከፍ ያደርጉታል፤ ያም ግምት ነው። የሚሻለው የመድኃኒቱን መጠን በደም ቶሎ መለካት ነው። ታካሚው ለካላዛር የጄንታማይሲን ዘመድ የሆነውን ፓሮሞማይሲን እየወሰደ ከሆነ ደግሞ ጄንታማይሲን መደረቡ ጉዳቱን ያከፋል፤ ጄንታማይሲንን ብቻ የሚያሰላ ሶፍትዌር ይህን አያየውም።

መለኪያ አለማየት። ለክሬአቲኒን 1 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር 88.4 ማይክሮሞል በሊትር ነው። ሶፍትዌሩ የተከፈተበትን መለኪያ ከላቦራቶሪው ወረቀት ጋር ያመሳክሩ።

የደም ልኬት ሳይኖር ውጤቱን «ለዚህ ሰው የተሰላ» ማለት። ልኬት ካልገባ የሚወጣው ሞዴሉ የተሠራባቸው ሰዎች አማካይ ነው። እነሱ ደግሞ ምናልባት በሌላ አገር በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኙ፣ ክብደታቸው 80 ኪሎ የሆኑ ናቸው።

በእጅ አለማረጋገጥ። ለቫንኮማይሲን የቀኑን ጠቅላላ ሚሊ ግራም፣ ሶፍትዌሩ ባሳየው በሰዓት ከሰውነት በሚወገድበት ሊትር ያካፍሉ፦ 2,000 ለ4 ሲካፈል 500 ይሆናል፤ ይህ በ24 ሰዓት ውስጥ ሰውነት የሚያገኘውን የመድኃኒት ጠቅላላ ተጋላጭነት የሚያሳይ፣ ኤዩሲ (AUC) የሚባል ቁጥር ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ መመሪያ ለከባድ የኤምአርኤስኤ (ብዙ አንቲባዮቲክ የማይበግረው ስታፍ ባክቴሪያ) ኢንፌክሽን ከ400 እስከ 600 ይላል። የእርስዎ ውጤት ሶፍትዌሩ ከጻፈው በእጅጉ ከራቀ፣ መጠኑን ከማዘዝዎ በፊት ያስገቧቸውን መጠኖችና ሰዓቶች እንደገና ይዩ።