ፋይበር እስኪደርስ ምን ይደረግ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ዙሪያ ነዋሪዎች

በዋናው መንገድ ዳር የፋይበር ገመድ (ኢንተርኔትን በብርሃን የሚያደርስ ቀጭን የብርጭቆ ገመድ) ሲቀበር አይቶ «ፋይበር ደረሰልን» የሚል ብዙ ነው። ከተማን ከከተማ የሚያገናኘው ገመድ ግን በደጃፍዎ ቢያልፍም ከመሃሉ ተቆርጦ ለቤት አይቀጠልም። ለቤት የሚወጣው በምሰሶ ወይም በግድግዳ ላይ ከሚሰቀለው ማከፋፈያ ሳጥን ነው። ስለዚህ ቦሩ ሜዳም ይኑሩ ሐርቡ፣ መጀመሪያ የሚጣራው ቅርብ ያለው ሳጥን የት እንደሆነና ያልተያዘ መስመር እንዳለው ነው። አንድ ሳጥን ብዙ ጊዜ 8 ወይም 16 መስመር ብቻ ይይዛል። ከሞላ፣ ጎረቤትዎ እየተጠቀመ እርስዎ ይጠብቃሉ።

ሳጥኑን ሲያገኙ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ፎቶ ያንሱ፤ አይክፈቱት። የቤትዎን መገኛ በስልክ ካርታ ላይ ምልክት አድርገው ያስቀምጡ፤ የቤት ቁጥር በሌለበት ገጠር ቴክኒሻኑን የሚያደርሰው እሱ ነው። ከዚያ መታወቂያ ይዘው ወደ ኢትዮ ቴሌኮም የሽያጭ ማዕከል ይሂዱ፣ ወይም 994 ይደውሉ። «ፋይበር መቼ ይመጣል?» ብሎ ለጠየቀ መልሱ «በቅርቡ» ነው። «በዚህ ቁጥር ሳጥን ላይ ክፍት መስመር አለ? ከሌለ ጥያቄዬ ይመዝገብልኝ» ይበሉ። ከተቻለ ጎረቤት አሰባስበው በአንድ ማመልከቻ ስም፣ ስልክና የየቤቱን መገኛ ያስገቡ። ለአንድ ቤት ብሎ ምሰሶ መትከል አያዋጣም፤ ለአሥር ቤት ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። በአካባቢው ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ካለ አብሮ ይፈርም።

እስከዚያው አማራጩ በሲም የሚሠራው የ4ጂ ኢንተርኔት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አንቴና ለመግዛት ይቸኩላል፤ መጀመሪያ ግን ራውተሩን (ሲሙ የሚገባበትንና ዋይፋይ የሚያሰራጨውን መሣሪያ) ያንቀሳቅሱ። የቆርቆሮ ክዳንና ግድግዳ ሞገድ ያግዳል፤ ደሴ ዙሪያ ደግሞ ተራራው ራሱ ይጋርዳል። ጦሳ ግርጌ ያለ ቤት ከተራራው ማዶ ላለ የኔትወርክ ማማ መስኮት ቢከፍትም አይጠቅመውም። በራውተሩ የማስተካከያ ገጽ (ብዙ ጊዜ 192.168.8.1 ወይም 192.168.1.1) ላይ አርኤስአርፒ (RSRP፣ የሞገዱ ጥንካሬ) የሚለውን ቁጥር እያዩ በየመስኮቱ ይሞክሩ። ከ-90 የተሻለ (ወደ ዜሮ የቀረበ) ጥሩ ነው፣ -100 ያስኬዳል፣ ከ-110 በታች ብዙም አይሠራም። ኤስአይኤንአር (SINR) የሚለው ደግሞ የጥራት መለኪያ ነው፤ ከ10 በላይ ይፈለጋል፣ ከዜሮ በታች ከሆነ የሞገዱ ጥንካሬ ብቻውን አያድንም። ቀን ፈጥኖ ማታ የሚንቀረፈፍ ከሆነ ግን ጉዳዩ የማማው መጨናነቅ ነው፤ አንቴና አይፈታውም፣ የሳፋሪኮም ሲም መሞከር ይቀላል።

አንቴና ግድ ከሆነ፣ ገመዱ ከአንቴናው እኩል ይታሰብ። ቀጭኑ የአንቴና ገመድ በ10 ሜትር ከሞገዱ ጥንካሬ ወደ 8 ዴሲቤል ይበላል፤ አንቴናው የጨመረውን ገመዱ ይመልሰዋል ማለት ነው። የተሻለው ከቤት ውጭ የሚሰቀል ራውተር ነው፤ እሱን ከቤት የሚያገናኘው የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ አይቸገርም። መጋጠሚያዎቹን በጎማ ቴፕ ያሽጉ፤ ክረምቱ ውኃ ያስገባባቸዋል። መብረቅ ሲያጉረመርም ገመዱንም ሶኬቱንም ይንቀሉ።

መብራት ሲጠፋ ራውተሩ እንዳይሞት አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባለባትሪ መሣሪያ) ይግዙ፣ ግን ቮልቱ ከአዳፕተሩ ጋር አንድ መሆኑን ያንብቡ፤ ባለ 9 ቮልት ራውተር ላይ 12 ቮልት ቢሰኩ ሊቃጠል ይችላል። 8 ዋት የሚበላ ራውተር በ12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ፣ ባትሪው ከግማሽ በታች ሳይወርድ 5 ሰዓት ያህል ይሠራል።

ግንባታ ላይ ከሆኑ ከአጥሩ እስከ ሳሎን የፕላስቲክ ቱቦ አሁኑኑ ይቅበሩ፣ መሳቢያ ሲባጎ ውስጡ ይተዉ፣ ጥግ ላይ ሹል መታጠፊያ አያድርጉ። ፋይበር ብርጭቆ ነውና ከ3 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ በጠበቀ ሁኔታ ከታጠፈ ብርሃኑ ያመልጣል። ቱቦው የሚያበቃበት ቦታ አጠገብ ሶኬት ይኑር።

ቴክኒሻኑ ሲመጣ የሚደርሰውን የብርሃን ኃይል ለክቶ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ከ-15 እስከ -25 ዲቢኤም ከሆነ ደህና ነው፤ -27 አካባቢ ከሆነ ዛሬ ቢሠራም ነገ ይቆራረጣል፤ መጋጠሚያው ይጠረግ ወይም እንደገና ይሠራ። ቴክኒሻኑ በሚተክለው የፋይበር መሣሪያ ላይ ኤልኦኤስ (LOS) የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ብርሃን አልደረሰም፤ ራውተሩን ማጥፋትና ማብራት ከንቱ ነው። የ4ጂ ሲሙንም ቢያንስ የመጀመሪያውን ወር አይጣሉት።