በፖስትስክሪፕት ካሬና ክብ መሳል

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው ማተሚያ ቤታችን ለሚለማመዱ ልጆች መጀመሪያ የማሳያቸው ካሬ ነው። ፖስትስክሪፕት ገጹ ላይ ምን እንደሚሳል ለፕሪንተር የሚነግር የኮድ ቋንቋ ነው፤ እሱን የሚያነብ ፕሪንተርና ተራ የጽሑፍ ፋይል ይበቃል። ትእዛዞቹ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ እዚህ በአነባበባቸው አስቀምጫቸዋለሁ።

የመጀመሪያው መስመር ፐርሰንት፣ ቃለ አጋኖ፣ ፒ ኤስ ይሁን። እሱ ከሌለ አንዳንዱ ፕሪንተር ሥዕሉን ትቶ ኮዱን ራሱን ያትመዋል።

መነሻው የወረቀቱ ግራ ታችኛ ጥግ ነው። ልኩ በነጥብ (ፖይንት) ነው፤ አንድ ኢንች 72 ነጥቦች አሉት። ቁጥሩ ይቀድማል (መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ወደ ላይ)፣ ትእዛዙ ይከተላል። ሙቭቱ መጀመሪያው ነጥብ ላይ ያደርሳል፣ ላይንቱ መስመር ይዘረጋል፣ ክሎዝፓዝ ቅርጹን ይዘጋል፣ ስትሮክ መስመሩን ያቀልማል፣ ሾውፔጅ ገጹን ያትማል፦

100 100 ሙቭቱ
244 100 ላይንቱ
244 244 ላይንቱ
100 244 ላይንቱ
ክሎዝፓዝ
ስትሮክ
ሾውፔጅ

ባለ 2 ኢንች ካሬ ወጣላችሁ። አደራ፣ አራተኛውን ጎን በላይንቱ አትዝጉት፤ መነሻው ጥግ ላይ ክፍተት ትቀራለች። በቀጭን መስመር አትታይም። ከስትሮክ በፊት «10 ሴትላይንዊድዝ» ብላችሁ መስመሩን ስታወፍሩት ግን ቁልጭ ብላ ትወጣለች። ክሎዝፓዝ ጥጉን ግጥም ያደርገዋል።

ክብ ደግሞ ከዚህ ይቀላል፤ ከሾውፔጅ በፊት ጻፉት፦

300 400 72 0 360 አርክ
ስትሮክ

መጀመሪያ መሃሉ፣ ቀጥሎ ራዲየሱ፣ ከዚያ መነሻና መድረሻ ዲግሪው ነው። በ360 ፈንታ 180 ካላችሁ ግማሽ ክብ ይሆናል። ስትሮክን በፊል ብትተኩት ውስጡ ይሞላል፤ ለመጋላ ሰፈር ቡና ሻጮች ክብ መለያ የምሠራው እንዲህ ነው።