አሮጌ የናፍጣ ባቡር ለማየት ስትሄዱ ከታች ጀምሩ

ሙዚየም ገብቶ አሮጌ ሎኮሞቲቭ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ፊት ለፊት ቆሞ ፎቶ መነሳት ነው። ተነሱ፣ ማን ከለከላችሁ። ከዚያ ግን ጎንበስ በሉ፤ ዋናው ነገር ያለው ታች ነው።

አሜሪካ፣ ሚዙሪ ውስጥ ሴንት ሉዊስ አጠገብ ባለው የትራንስፖርት ሙዚየም የቆመችውን ቁጥር 103 እንውሰድ። ጄኔራል ሞተርስ በ1939 እ.ኤ.አ. ለባቡር ኩባንያዎች ማሳያ ብሎ የሠራት፣ ኤፍ ቲ የሚባል ሞዴል የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ናት።

ጎማዎቿ መሃል ተመልከቱ። ከናፍጣ ሞተሩ ወርዶ ጎማውን የሚያዞር ዘንግ ፈልጉ። የለም! መኪና የለመደ ዓይን እዚህ ጋ ይሸወዳል። ባለ16 ሲሊንደሩ ሞተር የሚያዞረው ጄኔሬተር ነው፤ ከጄኔሬተሩ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በወፍራም ገመድ ወርዶ እያንዳንዱ አክሰል ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ሞተር ያዞራል፣ ጎማው የሚንቀሳቀሰው በዚህ ነው። የራሷን ጄኔሬተር ተሸክማ የምትዞር የኤሌክትሪክ ባቡር በሏት።

ለምን ይህን ያህል ዙሪያ ጥምጥም? የናፍጣ ሞተር ከቆመበት ተነስቶ ከባድ ነገር መጎተት አይሆንለትም። በሺህ የሚቆጠር ቶን ከኋላ አስራችሁ በፍሪሲዮንና በማርሽ ላስነሳ ብትሉ ፍሪሲዮኑ ይጨሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ጉልበቱ የሚበረታው ገና ሲነሳ ነው።

አሁን ቀና በሉና ጎኗ ላይ ያሉትን ክብ መስኮቶች ቁጠሩ። አራት ናቸው፣ ተጠጋግተው የተደረደሩ። ከኤፍ ቲ በኋላ ከመጡት ኤፍ 7 የሚባሉ ሎኮሞቲቮች ከፊት የሚሆኑት ሁለት ብቻ ስላላቸው፣ ሌላ ቦታ ብታገኟቸውም በዚህ ትለያላችሁ።

አንድ ነገር እንዳትረሱ፦ ያኔ 103 ብቻዋን አልነበረችም። አራት ሎኮሞቲቮች ሆነው እርስ በርስ ተያይዘው፣ እያንዳንዳቸው 1,350 በድምሩ 5,400 የፈረስ ጉልበት ይዘው፣ በ11 ወር 20 የባቡር ኩባንያዎች ሐዲድ ላይ ከ134,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደዋል። ያንን ያየ ኩባንያ የእንፋሎት ባቡር ስለሚፈጀው ውሃና ከሰል፣ ስለሚተወውም አመድ ደግሞ ደጋግሞ ማሰቡ አይቀርም።

ሳትወጡ እዚያው ግቢ ያለችውን የእንፋሎት ባቡር፣ ቢግ ቦይ 4006ን እዩ። የተሠራችው በ1941 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከ103 በኋላ መሆኑ ነው እንግዲህ! ሥራዋን አትደብቅም፤ ጎማዎቿን የሚያዞሩት ግዙፍ ዘንጎች ውጭ ተዘርግተው ይታያሉ። እነሱን በደንብ ካያችሁ በኋላ ወደ 103 ተመለሱና ሁለተኛውን ፎቶ አንሱ፣ አሁን ግን ተንበርክካችሁ፣ ከጎማው ትይዩ።