የለንደን ፓርኪንግ፦ ከደጃፍ ምሰሶ እስከ ቲኬት፣ ችግርና መፍትሄው

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ነጭ ፖስታ ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር አብሬ ጣልኩ። ስሜ አልነበረበትም፤ «ለነዋሪው» ነው የሚለው። ወራት አለፉና መንገዳችን ላይ ነጭ መስመር ተሰመረ፣ ምሰሶ ተተከለ። እኔም ደጃፌ ላይ ለማቆም በየዓመቱ መክፈል ጀመርኩ። ለካ ፖስታው ውስጥ የነበረው «ይህን ትፈልጋላችሁ ወይ?» የሚል የካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ጥያቄ ነበር።

ለንደን ውስጥ የመንገድ ዳር ፓርኪንግን የሚያስተዳድረው የየአካባቢው ካውንስል ነው። (ቀይ መስመር ያለባቸው ትልልቅ መንገዶች በአብዛኛው የከተማዋ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የትራንስፖርት ፎር ለንደን ናቸው፤ ስለነሱ ካውንስሉን መጨቅጨቅ ትርፉ ድካም ነው።) ከእያንዳንዱ መስመርና ሰሌዳ ጀርባ የጸደቀ የትራፊክ ትእዛዝ አለ። ችግር ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ነገሩ የት እንደደረሰ እወቁ። ገና ሐሳብ ነው? ረቂቅ ነው? ወይስ ጸድቆ የቅጣት ቲኬት እየተለጠፈበት ነው?

«ከሥራ ስገባ ማቆሚያ የለም»

ምክንያቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ መድኃኒቱም ይለያያል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መንገዳችሁን ሁለቴ ዞራችሁ መኪና ቁጠሩ። አንዴ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ፣ አንዴ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ።

ቀን ሞልቶ ማታ የሚለቀቅ ከሆነ፣ መኪኖቹ የእንግዳ ናቸው። ጠዋት መኪናቸውን እናንተ ደጅ ጥለው ባቡር የሚይዙ ሰዎች ናቸው። ወይም የጎረቤት መንገድ ፐርሚት (ካውንስሉ የሚሸጠው የማቆሚያ ፈቃድ) ገብቶበት፣ ከዚያ የተባረሩት መኪኖች ወደናንተ ፈሰዋል። ይህ ሁለተኛው በጣም የተለመደ ነው። አንዱ መንገድ ሲዘጋ ቀጣዩ ይጨናነቃል፣ እሱም ፊርማ ያሰባስባል፣ እንዲህ እያለ ሰፈሩን ያዳርሳል።

ማታም ሙሉ ከሆነ ግን መኪኖቹ የራሳችሁ ጎረቤቶች ናቸው። እዚህ ላይ ፐርሚት ብዙ አይረዳም። ካውንስሉ የሚሸጥላችሁ ቦታ የመፈለግ መብት እንጂ ቦታውን አይደለም።

መፍትሄው፦ ችግሩ የባቡር ተሳፋሪ ከሆነ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ቁጥጥር አትጠይቁ። እኩለ ቀን አካባቢ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይበቃል። ጠዋት አቁሞ ማታ የሚመለስ ሰው ያቺን አንድ ሰዓት መዝለል አይችልም። ከመሀል ከተማ ወጣ ያሉ ብዙ የለንደን ሰፈሮች እንዲህ ነው የሚሠሩት። ቆጠራችሁንና የጎረቤት ፊርማ ይዛችሁ ለአካባቢያችሁ የካውንስል ተመራጭ ጻፉ። ካውንስሉ የራሱን ቆጠራ ያደርጋል፤ ታርጋ እየመዘገበ የነዋሪውንና የመጤውን ይለያል። ወረፋና በጀት ስላለ ነገ አይመጣም።

እኛ ሰፈር በንዴት ቀኑን ሙሉ እንዲሆን ጠየቁ። አሁን የጎረቤቴ እናት አርፈው ልቅሶ ተቀመጥን። የመጣው ሰው ሁሉ በር ላይ ከ«እግዜር ያጥናችሁ» ቀጥሎ የሚጠይቀው «ቫውቸር አላችሁ?» ነው። ቫውቸሩን፣ ማለትም የእንግዳ ፐርሚቱን፣ ደግሞ በዓመት የተወሰነ ቁጥር ብቻ የሚሰጡ ካውንስሎች አሉ። ልቅሶና ክርስትና የሚበዛበት ቤት ፊርማውን ከማስቀመጡ በፊት ይህን ያስብ።

«ሳንጠየቅ ፐርሚት ተጫነብን»

አብዛኛውን ጊዜ ተጠይቃችኋል። እንደኔ ፖስታውን ጥላችሁት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የነዋሪ አስተያየት ይሰበሰባል። ቀጥሎ ረቂቅ ትእዛዝ ይወጣል። ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ ይታተማል፣ ብዙ ጊዜም የመብራት ምሰሶ ላይ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ይታሰራል። ከዚያ ተቃውሞ ለማቅረብ 21 ቀን አለ።

ወረቀቱ ምሰሶው ላይ ካለ አልረፈደም። በጽሑፍ ተቃወሙ፣ ምክንያት ጨምሩ። ይህ ምርጫ አይደለም፤ «አልፈልግም» የሚል 50 ደብዳቤ «የአካል ጉዳተኛ እናቴን ከማወርድበት ቦታ ላይ ሁለት ቢጫ መስመር ልታደርጉ ነው፣ ሦስት ሜትር ብታሸሹት ይበቃል» ከሚል አንድ ደብዳቤ ያነሰ ይሠራል። ለማሻሻል ቀላል የሆነ ነገር ስጧቸው።

ትእዛዙ የሙከራ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። መጀመሪያ ይተከላል፣ ተቃውሞ የሚሰማው እየሠራ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የተቃውሞ ጊዜ ናቸው፤ ሙከራው ራሱ ከ18 ወር አይበልጥም። የጸደቀ ቋሚ ትእዛዝን ግን በስድስት ሳምንት ውስጥ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው የሚያየው፣ ያውም በሕግ ጥሰት ብቻ።

«ገንዘብ ለመልቀም ነው» የሚለውን እኛ ሐበሾች እንወደዋለን። ባዶ ሐሜት ከሆነ አይረዳም። ማስረጃ ካለው ግን ክብደት አለው። የባርኔት ካውንስል የነዋሪ ፐርሚትን ከ40 ወደ 100 ፓውንድ፣ የእንግዳ ቫውቸርን ከ1 ወደ 4 ፓውንድ አሳድጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሕገ ወጥ ነው አለው። እ.ኤ.አ. በ1984ቱ የመንገድ ትራፊክ ሕግ መሠረት የፓርኪንግ ዋጋ ለሌላ ወጪ ገቢ ለማግኘት ተብሎ አይጨመርም። ትርፍ ከተገኘም ለመንገድ፣ ለሕዝብ ትራንስፖርትና ለመሳሰሉት ነው የሚውለው። የአረጋውያን የነጻ ጉዞ ካርድ የሚደጎመው ከዚህም ነው።

«ፐርሚት እያለኝ ተቀጣሁ»

ለገና አገር ቤት ሄጄ ስመለስ መኪናዬ የለም። የተሰረቀ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ምሰሶው ላይ ቢጫ ሰሌዳ ታስሯል፤ ቦታው ለቧንቧ ሥራ ለሦስት ቀን ታግዷል። ሰሌዳው የተሰቀለው እኔ ከሄድኩ በኋላ ነው። መኪናዋን ከነቲኬቷ ሁለት መንገድ አልፎ አገኘኋት።

ፖሊስ ከመጥራታችሁ በፊት ትሬስ የሚባለውን የለንደን አገልግሎት ጠይቁ፤ ታርጋ ስትነግሯቸው ተጎትታ እንደሆነ ይነግሯችኋል። ቲኬቱን ደግሞ ተከራከሩ። እኔ የአውሮፕላን ቲኬቴን ልኬ «ሰሌዳው መቼ ተሰቀለ?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ተሰረዘልኝ። ከአሁን በኋላ ቁልፍ ለጎረቤት ሳልሰጥ ቦሌ አልወርድም።

ሌሎቹ ምክንያቶች ቀለል ያሉ ናቸው፦ መኪና ቀይራችሁ አዲሱን ታርጋ አለማስመዝገብ፣ ፐርሚታችሁ የማይሠራበት የሌላ ዞን (የፐርሚት ክልል) ፊደል ያለበት ቦታ ማቆም፣ የጎረቤት መኪና መግቢያ ፊት ማቆም።

«ቲኬት መጣ፣ ልክፈል ወይስ ልከራከር?»

መጀመሪያ ከማን እንደመጣ እዩ። የሱፐርማርኬት ግቢ የሚጠብቁ የግል ድርጅቶች የሚልኩት ወረቀት አሳጥረው «ፒሲኤን» ይሉታል፤ የካውንስሉም «ፒሲኤን» ነው። መንገዳቸው ግን ሌላ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው የካውንስሉን ብቻ ይመለከታል።

መስታወት ላይ የተለጠፈ ቲኬት በ14 ቀን ውስጥ ከተከፈለ ግማሹ ነው። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ለንደን ውስጥ ጣራው 160 ፓውንድ ነው። ትልቁ ስህተት «እስቲ ከፍዬ ልከራከር» ማለት ነው። ከከፈላችሁ ፋይሉ ተዘጋ። በ14ቱ ቀን ውስጥ ጻፉ፤ ውድቅ ቢያደርጉት እንኳ ካውንስሎች አብዛኛውን ጊዜ የግማሹን ዋጋ ዕድል መልሰው ይሰጣሉ። ከዚያም በኋላ ካልከፈላችሁ ለመኪናው ባለቤት ደብዳቤ ይመጣል፣ በ28 ቀን መልስ ትሰጣላችሁ። እምቢ ካሉ ለንደን ትሪቡናልስ የሚባል ይግባኝ ሰሚ አለ፤ ገለልተኛ ነው፣ አያስከፍልም። ዝም ማለት ግን ቅጣቱን በግማሽ ያሳድገዋል።

የከፈላችሁበት ሰዓት ካለቀ በኋላ የ10 ደቂቃ ይቅርታ አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ። ቢጫ መስመር ላይ አይሠራም።

«እሁድ ነጻ ነው ብዬ»

ማን አለ? የእያንዳንዱ ዞን ሰዓት ለየቅል ነው፣ ዞኑ ሲጀምር ባለው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ሁለት ቢጫ መስመር ሰዓትም ሰሌዳም አያስፈልገውም፤ ሁልጊዜ ክልክል ነው። የአርሰናል ሜዳ ያለበት ኢዝሊንግተንና የዌምብሊ ሰፈር ደግሞ የጨዋታ ቀን ሕግ አላቸው፤ ቅዳሴና ጨዋታ ሲገጣጠሙ ወዮላችሁ።

ቤተ ክርስቲያናችሁ አካባቢ ምክክር ሲደረግ እንደ ተቋም መልስ ስጡ፣ የቅዳሴ ሰዓታችሁን አስታውቁ። እኛ ሰጥተን ነበር። ጸሐፊያችን በእንግሊዝኛ አሳምሮ «እሁድ ምእመናን የሚበዙት ከ12 እስከ 4 ነው» ብሎ ጻፈ። ካውንስሉም በትህትና ተቀብሎ እሁድ ከቀትር በኋላ ነጻ እንዲሆን አረቀቀልን፤ ጠዋቱን በክፍያ። ሰበካ ጉባኤው «በሐበሻ ሰዓት ነው» የሚል ሁለተኛ ደብዳቤ ላከ፣ በ21 ቀኑ ውስጥ።