ከቤት ሆኖ በስልክ ለሚያስተረጉም ሰው፦ አሜሪካ ውስጥ ኢንተርኔትና ስልክ አመራረጥ

ከቤት ሆነው ለሆስፒታል፣ ለፍርድ ቤትና ለመንግሥት ቢሮ በአማርኛ የሚያስተረጉሙ ወገኖቻችን ሥራ የቆመው ድምፅ ሳይቆራረጥ በመሄዱና በመምጣቱ ላይ ነው። ሐኪም “ግማሽ ኪኒን በቀን ሁለት ጊዜ” ሲል “ግማሽ” የምትለው ቃል መንገድ ላይ ከጠፋች የሚጎዳው ታማሚው ነው። ኢንተርኔት ሲያስገቡ ግን አብዛኞቹ የሚያዩት ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የተጻፈውን የዳውንሎድ ፍጥነትና ከሥሩ ያለውን ዋጋ ነው። ፍጥነቱ ስለ ድምፅ ጥራት ብዙ አይናገርም፤ ዋጋውም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ይለወጣል።

ድምፅ የሚፈልገው ምንድን ነው

አንድ የስልክ ጥሪ በኢንተርኔት ሲያልፍ በየአቅጣጫው የሚወስደው 100 ኪሎቢት በሰከንድ ገደማ ነው፤ ሁለቱ አቅጣጫዎች ተደምረው በሰዓት ከ80 እስከ 90 ሜጋባይት መሆኑ ነው። በቪዲዮ ለሚያስተረጉምም ቢሆን ዙም ለከፍተኛ ጥራት የሚጠይቀው ከ4 ሜጋቢት አያልፍም። ስለዚህ ለ1000 ሜጋቢት እየከፈሉ ጥሪ የሚቆራረጥባቸው ሰዎች የጎደላቸው ፍጥነት አይደለም።

መታየት ያለባቸው ሌሎች ቁጥሮች ናቸው። ሌተንሲ ድምፁ ተነሥቶ ወዲያኛው ሰው ጋ እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ ሲያልፍ ሰዎች አንዱ የሌላውን ንግግር ማቋረጥ ይጀምራሉ። ጂተር የዚያ ጊዜ መዋዠቅ ነው፤ ከ30 ሚሊሰከንድ በታች ይሁን። ከዚያ መንገድ ላይ የሚጠፉት ፓኬቶች፣ ማለትም ድምፁ ተከፋፍሎ የሚላክባቸው ትንንሽ ቁራጮች፣ አሉ፤ ከመቶ አንድ እንኳ ሲጠፋ ድምፁ መንተባተብ ይጀምራል።

አፕሎድ ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ነው። የእናንተ ድምፅ የሚወጣው በእሱ በኩል ነው። በኬብል በሚመጣ ኢንተርኔት ዳውንሎዱ 300 ሆኖ አፕሎዱ 10 ወይም 20 ሜጋቢት ብቻ ሊሆን ይችላል። ልጆች ከትምህርት ቤት መጥተው ስልካቸው ፎቶና ቪዲዮ ወደ ክላውድ መስደድ ሲጀምር ያ ጠባብ መውጫ ይሞላል፤ ሞደሙ ፓኬቶቹን ያሰልፋል፤ የእናንተ ድምፅም ከሰልፉ ኋላ ይቆማል። “እኔ በደንብ እሰማቸዋለሁ፣ እነሱ ግን ይቆራረጥብናል ይሉኛል” የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይነሣል። መፍትሔው ወረፋን የሚያስተካክል፣ ኤስኪውኤም የሚባለው አሠራር ያለው ራውተር ገዝቶ የአፕሎዱንና የዳውንሎዱን ጣሪያ ከተለካው ፍጥነት 85 ወይም 90 በመቶ ላይ ማሰር ነው። ትንሽ ፍጥነት ታጣላችሁ፤ ጥሪው ግን ቤቱ ሙሉ ሰው እያለም ይጸዳል።

ምን ዓይነት መስመር

አድራሻችሁ ላይ ፋይበር ካለ ሌላ አትፈልጉ። አፕሎዱ ብዙውን ጊዜ ከዳውንሎዱ እኩል ነው፤ ለዚህ ሥራ ትንሹ ፓኬጅ ይበቃል። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ብትኖሩ ብዙ ሰፈር ላይ የቬራይዘን ፊዮስ ፋይበርና የኮምካስት ኤክስፊኒቲ ኬብል ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ኮክስም አለ። አንዱ ጎዳና ላይ ያለው ቀጣዩ ላይ ላይኖር ስለሚችል የጓደኛችሁ ምርጫ ለእናንተ ዋስትና አይሆንም። የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን፣ ኤፍሲሲ፣ ባዘጋጀው የብሮድባንድ ካርታ ላይ የቤት ቁጥራችሁን አስገቡ፤ ከዚያ የኩባንያው ድረ ገጽ ላይ በአፓርትመንት ቁጥራችሁ ጭምር አረጋግጡ። አፓርትመንት ከሆነ “ፋይበሩ የሚገባው እስከ ቤቴ ድረስ ነው ወይስ እስከ ሕንጻው ብቻ?” ብላችሁ ጠይቁ። እስከ ሕንጻው ብቻ ከሆነ ከምድር ቤቱ ወደ እናንተ የሚወጣው አሮጌ ሽቦ ሊሆን ይችላል።

ኬብል ሁለተኛ ምርጫ ነው፤ በአግባቡ ከተዘረጋ ይሠራል። በሞባይል ማማ የሚመጣው የ5ጂ የቤት ኢንተርኔት ርካሽና ለመትከል ቀላል ነው፤ ነገር ግን ማማው ሲጨናነቅ ቅድሚያ የሚሰጠው ለስልክ ደንበኞች ሊሆን ይችላል፤ ቲሞባይል ይህንን በውሉ ላይ ጽፎታል። ጠዋት ንጹሕ የነበረው ጥሪ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ሊበላሽ ይችላል። ለመጠባበቂያ ግን ጥሩ ነው። ከተማ ውስጥ ላላችሁ ሳተላይትን ማሰብ አያስፈልግም።

ቤዝመንት ተከራይተው የአከራዩን ዋይፋይ የሚጠቀሙ ብዙዎች ናቸው። ራውተሩ ፎቅ ላይ ሆኖ እናንተ ከታች ከሆናችሁ ይህ ሥራ በዋይፋይ አይሠራም፤ ብዙ የአስተርጓሚ ድርጅቶችም ኮምፒውተሩ በገመድ እንዲገናኝ ይጠይቃሉ። ካት 5ኢ ወይም ካት 6 የተባለ የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ 1000 ሜጋቢት ያለ ችግር ያደርሳል፤ ከአከራዩ ጋር ተነጋግራችሁ ብታስዘረጉ የሚሻል የለም። ግድግዳ መብሳት ካልተፈቀደና ሁለቱም ፎቅ ላይ የኬብል ቲቪ መሰኪያ ካለ፣ ሞካ የሚባሉ ሁለት አስማሚዎች ያንን ሽቦ ወደ ኔትወርክ መስመር ይለውጡታል። ሽቦው የሳተላይት ቲቪ እየተሸከመ ከሆነ ግን አይሆንም። በኤሌክትሪክ መስመር የሚሠሩት አስማሚዎች ማጠቢያ ማሽን በተነሣ ቁጥር ሊዋዥቁ ስለሚችሉ ለድምፅ ሥራ አይመከሩም።

ዋጋውን ማንበብ

ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢንተርኔት የሚሸጥ ኩባንያ ሁሉ፣ የምግብ ማሸጊያ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ የመሰለ የብሮድባንድ መግለጫ ማሳየት አለበት። ለመፈረም ከመቸኮል በፊት እሱን ክፈቱ። ወርሃዊው ዋጋ የመግቢያ ዋጋ መሆን አለመሆኑን፣ ስንት ወር እንደሚቆይና ከዚያ በኋላ ስንት እንደሚሆን ይናገራል። የተለመደው አፕሎድና ሌተንሲም እዚያው ተጽፏል፤ ሻጩ በስልክ የማይነግራችሁ እሱን ነው። ውሉን ቀድሞ የማቋረጫ ቅጣት፣ የመሣሪያ ኪራይ፣ የወር የዳታ ጣሪያ፣ ሁሉም አለ። ሂሳቡ በራሱ ከባንክ እንዲከፈል ስትፈቅዱ የሚቀነሰው ገንዘብ ማስታወቂያው ላይ ቀድሞ ተቀንሶ ሊሆን ስለሚችል ያለሱ ስንት እንደሚሆን አስሉ።

የሞደም ኪራይ በዓመት ሲደመር ትንሽ አይደለም። ኬብል ላይ የራሳችሁን ሞደም መግዛት ትችላላችሁ፤ ዶክሲስ 3.1 የሚለውን (የኬብል ሞደም ደረጃ ነው) እና በኩባንያው ዝርዝር ላይ ያለውን ምረጡ። በራሳችሁ መሣሪያ እየተጠቀማችሁ ኪራይ ቢል ላይ ከመጣ ሕጉ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ይከለክለዋልና እንዲመለስላችሁ ጠይቁ። ፋይበር ላይ ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ሳጥን የኩባንያው ነው፤ ራውተሩን ግን የራሳችሁ ማድረግ ይቻላል።

ስልኩ

መጀመሪያ የምትሠሩበትን ድርጅት ጥሪው በምን እንደሚመጣ ጠይቁ፦ በኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፣ በተራ ስልክ ቁጥር ነው ወይስ በሁለቱም? በፕሮግራም ብቻ ከሆነ የቤት ስልክ መግዛት ብር ማባከን ነው።

በተራ ቁጥር ከሆነ፣ ከኢንተርኔቱ ጋር አብሮ የሚሸጠው የቤት ስልክ በኢንተርኔት መስመሩ የሚሄድ መሆኑን እወቁ። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ስልኩም አብሮ ይጠፋል። ለ911 የተመዘገበው አድራሻም የአሁኑ ቤታችሁ መሆኑን አረጋግጡ፤ ቤት ስትቀይሩ ካልተለወጠ እርዳታ ወደ ቀድሞው ቤት ሊሄድ ይችላል። የግል ጉግል ቮይስ ደግሞ ከነጭራሹ ለ911 አይሠራም፤ አንዳንድ ባንኮችም ማረጋገጫ ኮድ አይልኩበትም።

የቆየ ቁጥራችሁን ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ። አሮጌውን መስመር ግን ራሳችሁ አታዘጉ፤ ከተዘጋ በኋላ ቁጥሩን ማንሣት አስቸጋሪ ነው። የአካውንት ቁጥሩንና ለማዛወሪያ የሚሰጠውን ፒን ከአሮጌው ኩባንያ ተቀበሉ፤ ቁጥሩ ላይ መቆለፊያ ካለ አስነሡ፤ ለአዲሱ ስጡ፤ ዝውውሩ ሲያልቅ አሮጌው ራሱ ይዘጋል። ቀላል ዝውውር በአንድ የሥራ ቀን ማለቅ አለበት። ብዙ ጊዜ ውድቅ የሚያደርገው የስም አጻጻፍ ነው፦ አንዱ ቢል ላይ የአባት ስም ብቻ፣ ሌላው ላይ የአያትም ተጨምሮ ሲገኝ። በአሮጌው ቢል ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጻፉት።

“ወደ ውጭ አገር ያልተገደበ” የሚል ፓኬጅ ለኢትዮጵያ ብላችሁ የምትገዙ ከሆነ የአገሮቹን ዝርዝር አውጥታችሁ ኢትዮጵያ መኖሯን ተመልከቱ፤ ብዙዎቹ ላይ የለችም። ካለችም ወደ ሞባይል መደወል ተካቶ እንደሆነ አጣሩ።

መጠባበቂያው በሌላ ኔትወርክ ይሁን

የስልካችሁ ሆትስፖት ጥሩ መጠባበቂያ ነው፤ ግን ከዋናው መስመር የተለየ ኔትወርክ ላይ ካልሆነ ሁለቱም አብረው ይወድቃሉ። ከሞባይል ኩባንያዎቹ ሚንትና ሜትሮ የሚሄዱት በቲሞባይል ኔትወርክ፣ ቪዚብልና ኤክስፊኒቲ ሞባይል በቬራይዘን፣ ክሪኬት በኤቲ ኤንድ ቲ ነው። የቤት ኢንተርኔቱ የቲሞባይል ሆኖ ስልካችሁ ሚንት ከሆነ መጠባበቂያ የላችሁም ማለት ነው። ሞደምና ራውተር አብረው ብዙ ጊዜ ከ30 ዋት በላይ ስለማይወስዱ፣ 600 ቪኤ የሆነ አነስተኛ ዩፒኤስ፣ ማለትም ባትሪ ያለው የኃይል መጠባበቂያ፣ መብራት ሲጠፋ ለተወሰነ ጊዜ ያቆያቸዋል፤ የያዛችሁትን ጥሪ ለመጨረስና ለድርጅቱ ለማሳወቅ ይበቃል።

ከተገጠመ በኋላ መፈተሽ

የፍጥነት መለኪያ ብቻውን አይበቃም። ኮምፒውተሩን በገመድ አገናኙና የትእዛዝ መስኮት ከፍታችሁ ፒንግ (ping)፣ ትንሽ ፓኬት እየላከ መልሱን የሚጠብቀውን ትእዛዝ፣ ከአድራሻ ጋር ጽፋችሁ አስጀምሩ፤ መጀመሪያ ወደ ራውተሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ 192.168.1.1፣ ቀጥሎ ወደ ውጭ፣ ወደ ጉግል አድራሻ 8.8.8.8። ማክ ሳይቋረጥ ይቀጥላል፤ ዊንዶውስ አራት ልኮ ስለሚቆም ከአድራሻው በኋላ ሰረዝና “ቲ” የምትባለውን የላቲን ፊደል ጨምሩ። እያንዳንዱን አሥር ደቂቃ አቆዩት፤ አንዴ በጠዋት፣ አንዴ ኔትወርክ በሚጨናነቅበት ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰዓት፣ በአሜሪካ አጠራር ከ7 እስከ 11። ወደ ራውተሩ የተላከው የሚጠፋ ከሆነ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው፦ ገመዱ፣ መሰኪያው ወይም ራውተሩ። እዚያ ንጹሕ ሆኖ ወደ 8.8.8.8 የሚጠፋ ከሆነ ጣጣው ከራውተሩ በስተውጭ ነው፤ ስክሪኑን ፎቶ አንሡት።

ኬብል ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ። በብዙ ሞደሞች 192.168.100.1 ላይ የሲግናል ገጽ ይከፈታል። ወደ ቤት የሚገባው የሲግናል ኃይል ከዜሮ በታች 7 እና ከዜሮ በላይ 7 (ከ-7 እስከ +7 dBmV) መካከል ቢሆን መልካም ነው፤ ከዚያ ከራቀ ግድግዳው ጀርባ ያለውን የሽቦ መከፋፈያ ፈልጉ። ለሁለት የሚከፍለው እያንዳንዱ መከፋፈያ 3.5 ዴሲቤል ያህል ይበላል፤ ከቀድሞ ተከራይ የቀረ፣ ለማንም የማያገለግል ሊሆን ይችላል።

ጥሪው በትክክል 30 ሰከንድ አካባቢ ላይ የሚቋረጥ ከሆነ ወይም አንዱ ወገን ጨርሶ የማይሰማ ከሆነ መስመሩን ከመክሰሳችሁ በፊት ራውተሩ ላይ ሲፕ ኤኤልጂ የሚለውን አጥፉ። ይረዳል ተብሎ የተሠራ ነው፤ በተግባር ግን የስልክ ጥሪ ሲያበላሽ ይታያል።

ችግሩ የኩባንያው መሆኑን የሚያሳይ ፎቶ ይዛችሁም ካልተስተካከለ፣ ቀን፣ ሰዓትና የተሰጣችሁን የቅሬታ ቁጥር ጽፋችሁ ለኤፍሲሲ በድረ ገጹ አቤቱታ አስገቡ። ክፍያ የለውም፤ ጠበቃም አይጠይቅም። ቅሬታው ለኩባንያው ከተላለፈ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት።