ሁለቱም “ሥራ” ናቸው፣ ግን አይተካኩም፦ የሚያምታቱ የእንግሊዝኛ ስሞችን እንዴት እንለይ?

እንግሊዝኛ ስትማሩ በጣም የሚያምታቷችሁ ስሞች አብዛኞቹ፣ አማርኛችን በአንድ ቃል የሚጨርሰውን እንግሊዝኛው ለሁለት የሚከፍላቸው ናቸው። መዝገበ ቃላት ብታዩ ለሁለቱም ያንኑ ትርጉም ይሰጣችኋል። ስለዚህ ትርጉም መሸምደድ ብቻውን አያዋጣም። ቃሉን ከፊቱና ከኋላው ከሚመጡት ቃላት ጋር አብራችሁ ያዙት።

ከሥራ እንጀምር፣ ለቅጥር ቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ ቶሎ የሚያስታውቀው እሱ ነውና። “ጆብ” የተቀጠራችሁበት፣ ደመወዝ የምታገኙበት ነው፤ ይቆጠራል። “አይ ሃቭ ኤ ጆብ” ይባላል፤ ሁለት ቦታ የሚሠራ ሰው ደግሞ “ቱ ጆብስ” አለው። “ወርክ” ግን ልፋቱ፣ የሚሠራው ነገር ራሱ ነው፤ አይቆጠርም። “አይ ሃቭ ኤ ወርክ” እንዳትሉ! ሥራ ከበዛባችሁ “አይ ሃቭ ኤ ሎት ኦፍ ወርክ” በሉ። “ኤ ወርክ” የሚባልበት ቦታም አይጠፋም፣ ግን ያኔ የሚወራው ስለ ሥዕል ወይም ስለ ድርሰት ነው እንጂ ስለ ቅጥር አይደለም። ሥራ ላይ ሆናችሁ ስልክ ከተደወለላችሁ ደግሞ መልሱ “አይ አም አት ወርክ” ነው፤ “አት ጆብ” አይባልም።

ሰዓት ለሦስት ይከፈላል። እጃችሁ ላይ የምታስሩት “ዎች”፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው “ክሎክ”፣ ስድሳው ደቂቃ “አወር”። ሁለት ሰዓት ሙሉ ካጠናችሁ “ቱ አወርስ” ነው።

የሰውነት ክፍሎች ላይ ግን ረጋ በሉ፣ በተለይ ውጭ አገር ያላችሁና ያለ አስተርጓሚ ሐኪም ፊት የምትቀርቡ። እኛ “እግሬን አመመኝ” ብለን እንገላገላለን። እንግሊዝኛው የቱ ጋ እንደሆነ ይጠይቃል። ከጭን እስከ ቁርጭምጭሚት “ሌግ”፣ ከዚያ በታች ጫማ ውስጥ የሚገባው “ፉት”። እጅም እንደዚያው ነው፦ ከትከሻ እስከ እጅ አንጓ “አርም”፣ ከአንጓው ወዲህ “ሃንድ”። የእጅ ጣት “ፊንገር” ሲሆን የእግር ጣት “ቶው” ይባላል። ያበጠው የእግራችሁ ጣት ሆኖ “ፊንገር” ካላችሁ ሐኪሙ እጃችሁን ነው የሚያየው።

በአማርኛ የማይገናኙ፣ በእንግሊዝኛ ግን አጻጻፋቸው የሚያሳስትም አሉ። “ሪሲት” ደረሰኝ ነው፤ “ፒ” የምትባለው ፊደል ትጻፋለች እንጂ አትነበብም። “ሬሲፒ” ደግሞ የምግብ አሠራር ነው፤ እዚህ “ፒ” ቁልጭ ብላ ትሰማለች። ሁለቱም “መቀበል” ከሚል የላቲን ግስ የመጡ ስለሆኑ መመሳሰላቸው አይግረማችሁ። ሐኪም የሚጽፍላችሁ የመድኃኒት ማዘዣ ከሁለቱም የተለየ ነው፣ “ፕሪስክሪፕሽን” ይባላል። ፋርማሲ ገብታችሁ “ሬሲፒ” ብትሉ ግራ ይጋባሉ።

“ሴፍቲ” እና “ሴኩሪቲ” ሁለቱም ደህንነት ናቸው። እኔ የምለያቸው ጉዳቱ ከየት እንደሚመጣ በመጠየቅ ነው። ሳይታሰብ ከሚደርስ አደጋ ለመዳን ከሆነ ሴፍቲ፣ ሆን ብሎ ከሚጎዳ ሰው ለመጠበቅ ከሆነ ሴኩሪቲ። ሕንፃ ሲሠራ የሚደረገው ሄልሜት ለሴፍቲ ነው፤ በር ላይ የሚፈትሸው ጥበቃ ለሴኩሪቲ።

ጥላም ሁለት ነው። ዋርካ ሥር ተቀምጣችሁ ከፀሐይ የተጠለላችሁበት “ሼድ”፣ መሬት ላይ የሚታየው የራሳችሁ ቅርፅ “ሻዶው”።

ታሪክ ላይ፣ የዓድዋ “ሂስትሪ” ነው፤ አያታችሁ ማታ የሚያወሩላችሁ “ስቶሪ” ነው። ሐኪም ግን ከዚህ በፊት ምን እንዳመማችሁ ሲጠይቅ “ሜዲካል ሂስትሪ” ይላል።

በመጨረሻ፣ በአማርኛ የሚቆጠሩ በእንግሊዝኛ ግን የማይቆጠሩትን ለብቻ ጻፏቸው፦ “አድቫይስ”፣ “ኢንፎርሜሽን”፣ “ፈርኒቸር”። ምክሮች ለማለት ብላችሁ “አድቫይስስ” አትበሉ። አንድ ምክር ብቻ ከሆነ “ኤ ፒስ ኦፍ አድቫይስ”፣ ከበዛ ደግሞ “ሰም አድቫይስ” በቂ ነው።